በፎንቆ ቤቶች የቀን ብርሃን ሲለካ

አንባቢ ሆይ! ይህን ገጽ ገልጠው በሚያነቡበት ሰዓት ያሉበትን ክፍል እስቲ ቀና ብለው ይመልከቱ። ጊዜው ቀን ሆኖ ሳለ አምፑሉ በርቶ እንደሆነ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ የተጻፈ ነው። አምፑሉ የጠፋው ኤሌክትሪኩ ስለተቋረጠ ቢሆንና እርስዎም ወንበርዎን ጎትተው ወደ መስኮቱ ተጠግተው እንደሆነ ግን፣ የምነግርዎን ነገር ግማሹን አስቀድመው አውቀውታልና አብረን እንጓዝ።

የምንጓዘው ወደ ፎንቆ ነው። ፎንቆ በሐዲያ ዞን የአንሌሞ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል ወደ ሆሳዕና የሚወስደው መንገድ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ፎንቆን የሚያገኙት ሆሳዕና ሊገቡ ጥቂት ሲቀርዎ ነው። ዓለም ገናን አልፈው፣ መልካ ቁንጡሬ ላይ አዋሽን ተሻግረው፣ ትክል ድንጋዮቿ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1980 በዓለም ቅርስ መዝገብ በገቡላት በጢያ በኩል አድርገው ቡታጅራ ይደርሳሉ። ጢያ ላይ ወርዶ መመልከት የሚገባ ነበር፤ ዳሩ ግን አውቶቡስ የተሳፋሪን ምኞት አይጠይቅም። ከቡታጅራ ወዲህ እንሰት ከዓይንዎ አይጠፋም። ወራቤንም ካለፉ በኋላ ብዙ ሳይቈዩ ረዳቱ «ፎንቆ ወራጅ!» ይላል።

ሲወርዱ መጀመሪያ ዓይንዎን የሚስበው ቤቱ ነው። በአንድ ወገን የሣር ክዳን ያለው ክብ ጎጆ፣ ከእርሱ አለፍ ብሎ በቆርቆሮ የተከደነ የጭቃ ቤት፣ በዚያው አጥር ውስጥ ደግሞ በብሎኬት የተሠራና ፊቱ በሰማያዊ መስታወት የተሸፈነ ፎቅ ያያሉ። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ሊሆኑ ይችላሉ። አያት በጎጆው ኖረው፣ አባት የቆርቆሮውን ሠርተው፣ ልጅ ደግሞ ፎቁን የሚያሠራው ከደቡብ አፍሪካ በሚልከው ገንዘብ ነው።

የሐዲያና የከምባታ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄድ ከጀመሩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል። መንገዱ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ የሚያልፍ፣ ብዙ የአገራችን ልጆች የቀሩበት መንገድ ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በመጋቢት ወር 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ በተባለው አውራጃ አንድ የጭነት መኪና ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን በጨለማው ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሞተው እንደተገኙ ያስታውሳሉ። በደኅና የደረሰው ደግሞ በከተሞቹ ዳርቻ ሱቅ ከፍቶ፣ ቀኑን ሙሉ በብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ስኳርና ሳሙና ይሸጣል። ስለዚህ በፎንቆ የአንድ መስኮት ዋጋ በብር ብቻ የሚቈጠር አይደለም።

እኔን ወደዚያ የወሰደኝ ነገር እንደዚህ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የፎንቆ ልጅ ነው። ታላቅ ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ ሆኖ ለወላጆቻቸው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ያሠራል። ምድር ቤቱ አልቆ ተገብቶበታል፤ የላይኛው ፎቅ ግን ገና መስታወት አልተገጠመለትም፤ የሚገዛውም በዚያ ሳምንት ነበር። ባልደረባዬ እኔ ከአንድ መሐንዲስ ወዳጄ የብርሃን መለኪያ ተውሼ የመሥሪያ ቤታችንን ክፍሎች ሁሉ ስዞር አይቶኛልና፣ «እስቲ መስታወቱ ከመገዛቱ በፊት ሄደህ እይልኝ። አባባ ታናሽ ወንድሜ ቀን በቀን አምፑል እያበራ ያጠናል ይላሉ። ፈተናውም ደርሷል» አለኝ። ወሩ ሰኔ፣ ልጁም የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ይህ ፈተና ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ በ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ሁሉ የመጣው በመስኮት ማነስ ነው የሚል ሞኝ አይደለሁም። ነገር ግን ዓይኑን አጨንቍሮ የሚያነብ ልጅ ከሌላው ቀድሞ ይደክመዋል።

መለኪያው እጅ የሚሞላ ትንሽ ዕቃ ነው። በአናቱ ላይ እንደ ግማሽ እንቁላል ያበጠች ነጭ ክዳን አለች፤ ብርሃኑን ከየአቅጣጫው የምትቀበል እርሷ ናት። የሚሰጠው ቍጥር ሉክስ ይባላል። አንድ ሻማ ለኩሰው በአንድ ሜትር ርቀት ወረቀት ቢይዙለት በወረቀቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን 1 ሉክስ ያህል ነው። ጥርት ባለ ቀን እኩለ ቀን ላይ ደጅ ቢወጡ ደግሞ ወደ 100,000 ሉክስ ይጠጋል። ለማንበብና ለመጻፍ ከ300 እስከ 500 ይበቃል።

መቸም «ዓይን እያለኝ መለኪያ ምን ያደርግልኛል?» ይሉ ይሆናል። ዓይን ድንቅ ፍጥረት ነው፤ ነገር ግን ለጋስ ዳኛ ነው። ከ100,000 ወደ 100 ሉክስ ሲገቡ ብርሃኑ በሺህ እጅ ቀንሷል፤ ዓይንዎ ግን ጥቂት ደቂቃ ታግሦ «ትንሽ ደብዘዝ ብሏል» ብቻ ይልዎታል። ጨለማን እንድንለምደው ሆነን ተፈጥረናልና ቤታችን ጨለማ መሆኑን የምናውቀው እንግዳ ሲመጣ ነው።

አሁን ስለ ደንቡ ጥቂት ልንገርዎ። በውጭ አገር አንድ ሕንፃ ኃይልና ውሃ የማያባክን፣ ለተቀማጩም ጤና የሚስማማ መሆኑ ተመርምሮ «አረንጓዴ ሕንፃ» የሚል የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1990 እንግሊዞች ብሪያም የተባለውን ደንብ አወጡ፤ በ1993 የተቋቋመው የአሜሪካ የአረንጓዴ ሕንፃ ምክር ቤትም ሊድ የተባለውን አስከተለ። ደቡብ አፍሪካም በ2007 የራሷን ምክር ቤት መሥርታ ግሪን ስታር በሚባል ደንብ ትሠራለች። በሊድ አንድ ሕንፃ 40 ነጥብ ሲያገኝ ወረቀቱን ይቀበላል፤ 80 ከደረሰ ፕላቲኒየም ይባላል። የቀን ብርሃን ከእነዚህ ነጥቦች መካከል ጥቂቶቹን ብቻ ይይዛል።

ጥቂት ይሁን እንጂ አለካኩ ቀልድ የለበትም። በ2013 የወጣው የሊድ 4ኛ ዕትም እንደሚያዝዘው በቤቱ ውስጥ ዕቃው ሁሉ በቦታው ሳለ፣ አምፑሉን አጥፍቶ፣ ሰው በሚሠራበት በጠረጴዛ ከፍታ ይለካል። ክፍሉ ከ14 ካሬ ሜትር የሚበልጥ ከሆነ በየ3 ሜትሩ፣ የሚያንስ ከሆነ በየ90 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ነጥብ ይመረጣል። በየነጥቡ የሚገኘው ብርሃን ከ300 ማነስ፣ ከ3,000ም መብለጥ የለበትም። ከወለሉ 75 በመቶው በዚህ ልክ ውስጥ ሲገኝ ነጥብ ይሰጣል፤ 90 በመቶ ከሆነ ይጨመራል። ከ4 ወይም ከ5 ወር በኋላም ፀሐይ መንገዷን ስትለውጥ እንደገና ይለካል። «ከ3,000 ለምን አይበልጥም?» ቢሉ፣ በቀጥታ የገባ ፀሐይ በነጭ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ዓይን የሚወጋ ነጸብራቅ ይሆናልና ነው። ሰውዬው መጋረጃውን ይዘጋል፤ መጋረጃውን ከዘጋ በኋላ አምፑሉን ያበራል፤ የተደከመበት መስኮት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በየመሥሪያ ቤቱ ይህን በዓይናችን እናየዋለን።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎ። ደንቡ ከ9 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ለኩ ይላል። ይህ የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ በእኛ ሲመለስ ከጧቱ 3 እስከ ቀኑ 9 ይሆናል። ቍጥሮቹ እነዚያው ሆነው ቦታ ብቻ ስለተለዋወጡ፣ ቸኩሎ ያነበበ ሰው ከቀኑ 9 ጀምሮ እስከ ምሽቱ 3 ሲለካ አምሽቶ «በዚህ አገር ብርሃን የለም» ብሎ ሪፖርት ሊያቀርብ ይችላል።

እንግዲህ ወደ ቤቱ እንግባ። አባትየው በአጥሩ በር ተቀበሉኝ። እናትየው የሚናገሩት በሐዲይኛ ስለሆነ ተማሪው ልጅ በመካከላችን አስተርጓሚ ሆነ። ከምንም በፊት አታካና ቀረበ። አታካና ከቡላ፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራ የሐዲያ የክብር ምግብ ነው፤ ከበሉት በኋላ ጎንበስ ቀና እያሉ ብርሃን መለካት ቀላል እንዳይመስልዎ።

የለካሁት በጎጆው ጀምሬ ነው። ጎጆው መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ሲሆን፣ ከምሰሶው ወዲያ ያለው ከብቶች የሚያድሩበት ወገን ጨለማ ነው። ጣራው በብዙ ዘመን ጢስ ጠቁሮ እንደ ቀለም ያብለጨልጫል። ጥላሸት ከሚያርፍበት ብርሃን ከ10 በመቶ በታች ብቻ ይመልሳል፤ አዲስ የተቀባ ኖራ ግን 80 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። በበሩ አጠገብ መለኪያው ከ1,000 በላይ ያነበበ ሲሆን፣ ሦስት እርምጃ ወደ ውስጥ ስገባ ግን ነጠላ ቍጥር ላይ ወረደ። ነገር ግን ጎጆውን ጨለማ ብሎ የሚሳለቅ የተማረ ሰው ካለ አልስማማም። ጎጆ የተሠራው ለሌሊት ነው። ብርድ እንዳይገባ፣ የከብቱ ትንፋሽና የእሳቱ ሙቀት እንዳይወጣ ታስቦ ነው። የቀኑ ሥራ፣ ቆጮ መፋቁም ሆነ ፈትሉ፣ በደጅ ይሠራ ነበር። ማንም በጎጆ ውስጥ ተቀምጦ የሒሳብ መጽሐፍ እንዲያነብ አልታሰበም።

አዲሱ ቤት ግን ለቀን የተሠራ ነው ተብሎ ይታመናል። ወደ ሳሎኑ ገባን። መስኮቶቹ ሰፋፊዎች ናቸው፤ ከውጭ ሲያዩዋቸው ሰማዩንና ደመናውን እንደ መስታየት ይመልሳሉ። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። አምፑሉን አስጠፋሁና ወለሉን በየ3 ሜትሩ በጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ መለኪያውን በሠንዱቅ ላይ እያስቀመጥሁ መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቍጥር እጅግ ትንሽ ሆነብኝ። አባትየው ፊታቸው ወደቀ። እኔም ስለ መስታወቱ ጉድለት መስበክ እንደጀመርኩ ልጁ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ጥላዎ አርፎበታል» አለኝ። እውነትም ቍጥሩን ለማንበብ ጎንበስ ስል የመስኮቱን ብርሃን በትከሻዬ ጋርጄው ኖሯል። ከዚያ በኋላ ለኪው ልጁ፣ ጸሐፊው እኔ ሆንን። እርስዎም ሲለኩ ከመለኪያው ዝቅ ብለው ይቁሙ፤ ነጭ ልብስም አይልበሱ፣ ብርሃን እየመለሰ ያሳስታልና። በእጅ ስልክ የሚለኩ ሰዎች አሉ። የስልክ ዓይን የተሠራው የስልኩን ገጽ ለማድመቅና ለማደብዘዝ ስለሆነ ሁለት ክፍሎችን ለማወዳደር ይረዳ ይሆናል እንጂ ለምስክር ወረቀት አይበቃም።

ከለካናቸው 9 ነጥቦች 300ን ያለፈው በመስኮቱ ሥር ያለው አንዱ ብቻ ነበር። መሐል ጠረጴዛው ላይ 90፣ ወደ ጓዳው መግቢያ ደግሞ 20 አልሞላም። ልጁ የሚያጠናበት የኋለኛው ክፍል ከዚህም ያንሳል፤ በመስኮቱ ፊት እንሰት ቆሟል። በዚያ ሰዓት ልጁ ከሳሎኑ ይልቅ በአያቱ ጎጆ በር ላይ ቢቀመጥ የተሻለ ያነብ ነበር። ይህን ስነግራቸው አባትየው ሳቁና፣ «ታዲያ መብራት የገባው ለዚህ አይደለም እንዴ?» አሉ። መልስ ሳልሰጥ መብራቱ እስከ ማታ ድረስ ሄደ። ይህን ያደረግሁት እኔ አይደለሁም።

ከምሳ በኋላ ከልጁ ጋር ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥተን ሒሳቡን በወረቀት ሠራነው። ሒሳብ የሚወዱ አንባቢዎች ይከታተሉኝ፤ የማይወዱ አንቀጹን ቢዘሉት አልቀየምም። ክፍሉ 4 በ5 ሜትር፣ ከፍታው 2.80፣ የመስታወቱ ስፋት 1.80 ካሬ ሜትር ነው። የወለሉ፣ የጣራውና የግድግዳው ስፋት ሲደመር 90.4 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከመስኮቱ የሚታየው ሰማይ በጣራው ክፈፍና በዛፎቹ ተቀንሶ 65 ዲግሪ ያህል ነው። ነጭ መስታወት ከነአቧራው 80 በመቶ ብርሃን ያሳልፋል፤ ያ የሚያብለጨልጨው ሰማያዊ ግን 30 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሦስቱን፣ ማለት የመስታወቱን ስፋት፣ የሚያሳልፈውን ብርሃንና የሰማዩን ዲግሪ ያባዛሉ። ከዚያም ግድግዳው የሚመልሰውን ብርሃን በራሱ አባዝተው ከ1 ይቀንሱና በ90.4 ያበዙታል፤ ቀድሞ ያገኙትንም በዚህ ያካፍሉታል። ውጤቱ ከደጁ የደመና ብርሃን ስንት በመቶው በክፍሉ ውስጥ በአማካይ እንደሚገኝ ይነግርዎታል። ግድግዳው ግማሹን የሚመልስ ሲሆን ነጩ መስታወት 1.4 በመቶ፣ ሰማያዊው 0.5 በመቶ ሰጠን። ደጁ በደመና ቀን 20,000 ሉክስ ነው ብንል፣ አንዱ 280፣ ሁለተኛው 100 ሉክስ ያህል ማለት ነው። ግድግዳውና ጣራው ነጭ ተቀብተው 60 በመቶ የሚመልሱ ቢሆኑ ነጩ መስታወት ወደ 320 ያልፋል። ሰማያዊው ግን ከ120 ብዙም ፈቀቅ አይልም። ይህ እንግዲህ አማካይ ነው፤ ጥጉ ከዚህ ያንሳል።

ልጁ ወረቀቱን ደጋግሞ አየና፣ «ስለዚህ አንድ ቆርቆሮ ነጭ ቀለም 40 ሉክስ ይገዛል» አለ። በመጽሐፍ ከተጻፈው ይልቅ ይህ አነጋገር ደስ አለኝ።

ደግሞ የአቅጣጫ ነገር አለ። የቤቱ ንድፍ የተላከው ከዚያው ከደቡብ አፍሪካ ነው። ጆሃንስበርግ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 26 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ምንጊዜም በሰሜን በኩል ነው የምትታየው፤ የዚያ አገር ሰው ታላላቅ መስኮቱን ወደ ሰሜን ቢከፍት ተገቢ ነው። ፎንቆ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ናት። በሚያዝያ መግቢያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ በአናት ላይ ታልፋለች፤ በመካከሉ ባሉት ወራት እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን፣ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ በእኛ አገር ሰሜኑም ደቡቡም መልካም ፊት ነው፤ ከሁለቱም ወገን ጥቂት የጣራ ክፈፍ ይበቃል፣ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነውና የምትመጣው። አስቸጋሪዎቹ ምሥራቅና ምዕራብ ናቸው፤ ጧትና ማታ ዝቅ ብላ በቀጥታ ትገባለች። የዚህ ቤት ሰፊው መስኮት ወደ መንገዱ፣ መንገዱም ወደ ምዕራብ ነው። በፎንቆ ቤት ወደ ፀሐይ ሳይሆን ወደ መንገድ ነው የሚዞረው፤ በአዲስ አበባስ ቢሆን?

ለነገሩ በአዲስ አበባም ሌላ መንገድ የሞከሩ አሉ። ልደታ አካባቢ ያለውን ልደታ መርካቶ የተባለውን የገበያ ሕንፃ አይተውት ይሆናል። ንድፉን ያወጣው ሻቪየር ቪላልታ የተባለው ስፔናዊ አርክቴክት ፊቱን በመስታወት ከመሸፈን ይልቅ የአገራችንን የልብስ ጥለት በሚመስል አሠራር በትንንሽ ቀዳዳ ሞልቶታል፤ ብርሃኑ በቀዳዳው ይገባል፣ የሚወጋው ፀሐይ ግን ደጅ ይቀራል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በኋለኛው ክፍል ፊት የቆመውን እንሰት ጥቂት ቅጠሉን ብንመለምለው ብርሃን ይጨምራል ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ልጁ ለእናቱ ተረጐመላቸው። እናትየው መልሳቸውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት፤ ልጁ ግን ለመተርጐም አመነታ። በመጨረሻ፣ «እንሰት ለብርሃን አይቆረጥም ይላሉ» አለኝ። ከዚህ በላይ ብዙ እንደተናገሩ ገብቶኛል። ትክክልም ናቸው። እንሰት በስንት ዓመቱ ደርሶ ቤተሰብ የሚቀልብ ተክል ነው፤ ለመለኪያዬ ቍጥር ተብሎ ቢነካ ከደንቡ የሚሻለው ደንቡ መቅረቱ ነው። የልጁን ጠረጴዛ ከአልጋው አጠገብ አንሥተን ከመስኮቱ ጎን አደረግነው፤ መስታወቱንም በውጭ በኩል በውሃ አጠብነው። ቍጥሩ ወዲያው ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ ዋጋው ግን አንድ ባልዲ ውሃ ነው።

አባትየው ሁሉን በዝምታ ሲከታተሉ ቆይተው፣ «ወረቀቱስ ይሰጠናል?» ብለው ጠየቁኝ። እንደማይሰጥ ነገርኳቸው። ወረቀቱ ማመልከቻና የምርመራ ገንዘብ በውጭ ምንዛሬ የሚከፈልበት፣ ለታላላቅ ሕንፃዎች የታሰበ ነው። አለካኩን ግን ማንም አልከለከለም። እርሳቸውም፣ «እንግዲያስ ለልጄ ንገርልኝ። መስታወቱን የሚገዛው እርሱ ነው» አሉ።

ማታ መብራቱ ተመልሶ ሳለ ስልክ ተደወለ። የደቡብ አፍሪካው ልጅ ድምፅ ደከም ያለ ነበር፤ ሱቁን ዘግቶ መግባቱ ነው። ሒሳቡን ዘረዘርኩለት፤ ነጩ በዋጋም እንደሚረክስ ነገርኩት። ጥቂት ዝም አለና፣ «ጋሼ፣ ሰማያዊው እኮ ሰው ወደ ውስጥ እንዳያይ ነው። እናቴን መንገደኛ ሁሉ እንዲያያት አልፈልግም» አለ። ይህ ከንቱ ውዳሴ ፍለጋ አይደለም፤ አስቤበት የማላውቀው ምክንያት ነው። እኔም አባትየውን ይዤ ደጅ ወጣሁና ስልኩን ከፍ አድርጌ፣ «አባባ የሚያዩትን ይንገሩህ» አልኩ። የሚያንጸባርቅ መስታወት ብርሃን ከበዛበት ወገን ነው የሚከለክለው። ቀን ውጭው ይደምቃልና መንገደኛው ራሱን ያያል፤ ሌሊት አምፑል ሲበራ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከአጥሩ በር ሆነን ሳሎኑን፣ እናትየውን፣ ምድጃውን፣ በገበታው ላይ የቀረውን ቆጮ ሳይቀር ቍልጭ አድርገን አየነው። እርሳቸው ግን ቀና ብለው ወደ እኛ ሲያዩ የራሳቸውን መልክ ነው ያዩት። አባትየው ያዩትን በሐዲይኛ ነገሩት። ከወዲያ በኩል ሳቅ ተሰማ፤ ከዚያም ረዘም ያለ ንግግር።

በመጨረሻ የተወሰነው እንደዚህ ነው። በመንገዱ ፊት ላለው መስኮት ሰማያዊው ይገዛል፤ ሰው ምን ይለናል የሚባል ነገር አለና። ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ላሉት ክፍሎች ነጭ መስታወትና መጋረጃ፣ ለሁሉም ጣራና ግድግዳ ነጭ ቀለም። እኔ ቢሆን ሁሉንም ነጭ ባደረግሁት ነበር፤ ነገር ግን በብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ ገንዘቡን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም።

በማግስቱ ጧት ሆሳዕና የሚወስደኝን መኪና ስጠብቅ ቤቱን ዞሬ አየሁት። ካፊያ ነበር። የላይኛው ፎቅ መስኮቶች ገና ባዶ ናቸው፤ መስታወት የለም፣ የሚከለክል ነገር የለም፣ ከቤቱ ሁሉ ብርሃን የሞላበት ቦታ ያ ነው። በአንደኛው ክፍተት ልጁ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጦ፣ ደብተሩን በጕልበቱ አድርጎ ያነባል። መለኪያውን ይዤበት ሄድኩ እንጂ አንድ ጊዜ ብለካው ደስ ይለኝ ነበር። ሁለተኛው ልኬት ከጥቅምት በኋላ ነው ብዬዋለሁ፤ እርሱም፣ «እኔ እንኳ ያን ጊዜ እዚህ ላልኖር እችላለሁ፤ ግን ነጥቦቹን በጠመኔ ሳይሆን በቀለም አድርጌልዎ እቆያለሁ» ብሎኛል።